የማይፈጭ አቧራ

ውድ ጋሼ፣

ትናንት ከሰዓት በኋላ ቃሌን ሰጥቼ፣ ፈርሜ ወጣሁ። አሥር ገጽ ሆነ። ቃሌን የተቀበለኝ መርማሪ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን «ወንድሜ» ባልኩ ቁጥር ብዕሩን ያነሳና «ሟች ብትለው ለመዝገቡ ይመቻል» ይለኛል። እሺ አልኩት። ሟች እዚህ ጋ ይቆም ነበር፣ ሟች ማስክ አልነበረውም፣ ሟች እንዲህ አለኝ እያልኩ አሥር ገጽ ሙሉ ስላንተ እንደ ባዕድ ሰው አወራሁ። ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ብዙ ተቀመጥኩ። ለማላውቀው ሰው ዘርዝሬ የነገርኩትን ላንተ አንድም ቀን በቅጡ ነግሬህ አላውቅም። ጊዜ አጥቼ አይደለም። አሥራ አራት ወር ሙሉ ከአልጋህ አጠገብ ወንበር ነበረኝ።

አባታችን ሲሞት አንተ አሥራ ሰባት ዓመትህ ነበር፣ እኔ ዘጠኝ። በዚያው ወር ደብተርህን አስቀምጠህ ድንጋይ መቁረጫ ቤት ሥራ ገባህ። እኔን ግን ቴክኒክ ትምህርት ቤት አስገባኸኝ። ንድፍ ማንበብና ልኬት ማስላት የተማርኩት ባንተ ትከሻ ነው። ያው ትምህርት ነው ዞሮ ዞሮ በአንተው ላይ ፎርማን ያደረገኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ቅር ይለው ነበር። አንተ ግን ለመጣው ደንበኛ ሁሉ «ይሄ ታናሼ ነው፤ እዚህ አለቃዬ እሱ ነው። ቤት ስንገባ ግን ሳህን የሚያጥበው እሱ ነው» እያልክ ታስቅብኝ ነበር። ደስ ይለኝ እንደነበር ነግሬህ አላውቅም።

ያኔ የምንሠራው እብነ በረድና ግራናይት ነበር፤ ምላጩ ላይ ውሃ እያፈሰስን፣ እስከ ጉልበታችን ጭቃ ለብሰን። ከዚያ ያ ሰው ሠራሽ ሰሌዳ መጣ። ድንጋይ እንደ ዱቄት ደቆ፣ በሙጫ ተለውሶ የተጋገረ ነገር። ደንበኛ ወደደው፤ ቀለሙ ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው። የመጀመሪያውን ስትቆርጥ አፍንጫህን ሸብሸብ አድርገህ «ይሄ ድንጋይ አይደለም፤ የተቃጠለ ላስቲክ ነው የሚሸተው» አልክ። ሁላችንም ሳቅን።

አሁን ወደዚያ ሰኞ ልምጣ።

ጠዋት የድንጋይ ቤቱ ባለቤት ቢሮው ጠራኝ። ለአንድ አዲስ ሆቴል ሰማንያ የመታጠቢያ ቤት ጠረጴዛ በአርባ ቀን ማስረከብ ነበረብን።

«ይሄ ውሃ ነው የሚያዘገየን» አለኝ። «ወለሉ ጭቃ፣ ፍሳሹ ድፍን፣ ጎረቤቱ ክስ። ሰሌዳው እስኪደርቅ ግማሽ ቀን ይሄዳል። በደረቁ ቁረጡት።»

«አቧራው ይበዛል» አልኩት።

«ለጊዜው ነው» አለ።

በጓሮ በኩል ዞሬ ዋናውን ቧንቧ በራሴ እጅ ዘጋሁ። ቱቦዎቹን ጠቅልዬ መጋዘን አስገባሁ። ስመለስ ሁላችሁም ማሽን ሳታስነሱ ቆማችኋል። ጠርዝ የሚያለሰልሰው ባልደረባችን፣ ዓይኑ ከሜትር ስለሚበልጥ ሚዛን የምንለው፣ «ውሃው ምን ሆነ?» አለኝ።

«ለጊዜው በደረቁ ነው።»

«አቧራውስ?»

«ማስክ ይመጣል።»

ያኔ ሰው ሁሉ ወዳንተ ዞረ። ታላቃቸው ነበርክ። አንተ እምቢ ብትል ማንም ማሽን እንደማያስነሳ አውቅ ነበር። እኔ ያን ሰዓት የፈራሁት አቧራውን አልነበረም፤ በሰው ፊት እንዳታዋርደኝ ነበር። አንተ አየት አደረግኸኝ። ከዚያ የአንገት ጨርቅህን አፍህ ላይ አሰርክና «ፎርማኑ ያለው ይሁን» ብለህ ማሽኑን አስነሳህ። እነሱም ተከተሉህ። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ነጭ ጉም ክፍሉን ሞላውና ከመስታወት ክፍሌ ሆኜ ላይህ አልቻልኩም።

ማስኩ መጣ። የወረቀት ነው፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላው በላብ ርሶ ይጣላል። ሆቴሉም አለቀ። ውሃው ግን አልተከፈተም። ለጊዜው የተባለው ነገር አራት ዓመት ሞላው። ሚስትህ እትዬ ሸሚዝህን ስታጥብ «ከዚህ ልብስ የሚወጣው ውሃ ግድግዳ ይለስናል» ትል ነበር። እኔም እንደ ቀልድ እየሰማሁ ቤታችሁ ራቴን በልቼ እሄድ ነበር።

ሳሉ ሲጀምርህ ጉንፋን ነው አልን። ሲቆይ ጤና ጣቢያ ቲቢ ነው አሉህ። ስምንት ወር ሙሉ መድኃኒት ዋጥክ። ብርጭቆህን ለየህ፣ ማንኪያህን ለየህ። ልጅህ ከትምህርት ቤት ስትመጣ እንዳትጠጋህ በእጅህ እየከለከልክ ከሩቅ ታናግራት ነበር። ስምንት ወር ልጅህን አልሳምክም። በማይተላለፍ በሽታ።

የሳንባ ሐኪሟ ጋ የሄድነው ከዚያ በኋላ ነው። መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ የምታንጠለጥለው አጭሯ ሴትዮ። ራጁን ብርሃን ላይ ሰቅላ ብዙ አየችና ማንም ያልጠየቀህን ጠየቀችህ።

«ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ድንጋይ ቆራጭ ነኝ።»

«በውሃ ነው በደረቅ?»

አጠገብህ ተቀምጫለሁ። ወደ እኔ አልዞርክም። «በውሃ ነው» አልካት። «አንዳንዴ ብቻ ነው ደረቅ።»

አንተ ስትዋሽ ሰምቼህ አላውቅም ነበር፣ ጋሼ። የመጀመሪያው ለእኔ ሆነ። አፌን ከፍቼ ነበር፤ መልሼ ዘጋሁት። ያን ቀን ከቧንቧው ይልቅ የከፋውን ነገር የሠራሁ ይመስለኛል።

ከሳንባህ ትንሽ ቁራጭ ወስደው ከአሥር ቀን በኋላ ውጤቱን ስንሰማ፣ ሐኪሟ ማይክሮስኮፑን ወደ እኔ አዞረችልኝ። ወይን ጠጅ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ላይ ተከምሮ አየሁ።

«እነዚህ ነጭ የደም ሴሎች ናቸው» አለች። «ሥራቸው መዋጥ ነው። ተህዋስ ሲገባ ይውጡታል፤ ውስጣቸው ያለች ከረጢት ውስጥ አሟምተው ይጨርሱታል። አቧራው ሲገባም እንደ ልማዳቸው ዋጡት። ድንጋይ ግን አይሟሟም። ከረጢቷን ይቀድዳታል፤ ሴሉም ይሞታል። ሲሞት የዋጠው ድንጋይ እንዳለ ተመልሶ ይወጣል። የሞተው ሴል ደግሞ ሌሎችን የሚጠራ ኬሚካል ይለቅቃል። ሌሎች ይመጣሉ፣ ያንኑ ድንጋይ ይውጣሉ፣ እነሱም ይሞታሉ።»

«መጨረሻውስ?» አልኳት።

«የለውም። ሰውነት አላስወጣ ሲለው ዙሪያውን ያጥረዋል፤ ጠባሳ ይሠራበታል። እነዚህ እንደ ሽንኩርት ድርብርብ የሆኑት ክቦች ጠባሳዎች ናቸው። አንዱ ጠባሳ በተሠራ ቁጥር አየር የሚገባበት ቦታ ይጠባል።» አንድ ነገር ገፋ ስታደርግ መስታወቱ ጨለመና በጠባሳዎቹ መሃል ቅንጣት ቅንጣት ነገር አበራ። «ይኸው። ድንጋዩ ይሄ ነው። እንደገባ ነው ያለው።»

«ሥራውን ካቆመስ?»

«ዛሬውኑ ማቆም አለባቸው። ግን የገባው ገብቷል። ሳንባው በራሱ መቆጣቱን አይተውም።»

መድኃኒቱን ስጠይቃት መነጽሯን አወለቀች። «ማስታገሻ እንሰጣቸዋለን» አለች።

አንተ ቀድመህ ሳቅክ። «ድንጋይ መፍጨትማ የኔ ሥራ ነበር» አልክ። «እነሱን ምን ጥልቅ አደረጋቸው?» ሐኪሟም ሳትወድ ፈገግ አለች። ሳቁ ሳል ሆኖ እስኪበርድልህ ድረስ ሁለታችንም መሬት መሬት አየን።

ስንወጣ በሩ ላይ እኔን አስቆመችኝ። «አብሯቸው የሚሠራው ስንት ሰው ነው?»

«አሥራ አንድ።»

«ሁሉንም አምጣልኝ። ራጅ ይነሱ። በዚህ ሳምንት።»

እሺ አልኳት። አውቶቡስ ስንጠብቅ አግዳሚው ላይ ተቀምጠህ «የሥራ ቤቱን ልጆች መቼ ትነግራቸዋለህ?» አልከኝ። «ትንሽ ጊዜ ስጠኝ» አልኩህ። ዝም አልክ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእኔስ ነቅዟል፣ ጋሼ። አሥራ አራት ወር ሙሉ ነቅዟል።

ለራሴ የምነግረው ምክንያት አላጣሁም። ከተናገርኩ ቤቱ ይዘጋል፣ አሥራ አንድ ቤተሰብ ይበተናል እል ነበር። ሆዴ ግን ያውቀዋል። የፈራሁት «ማን ዘጋው?» የሚለውን ጥያቄ ነው። ባለቤቱ ደግሞ ማሽን ባዶውን አይቆምም አለኝ። ባንተ ቦታ ሰው መመደብ ነበረብኝ። ሚዛንን መደብኩት። በማይክሮስኮፑ ያንን ካየሁ ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ በገዛ እጄ ጽፌ፣ ሚዛንን ከጠርዝ ማለስለሻው አንስቼ ያንተ ማሽን ላይ አቆምኩት። ደስ አለው፤ እድገት መሰለው።

ልትሞት ሦስት ሳምንት ሲቀርህ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እትዬ ገበያ ወጥታ ሁለታችን ብቻ ነበርን። የኦክስጅን ማሽኑ እንደ አሮጌ ማቀዝቀዣ ያንጎራጉራል። መተኛት ካቆምክ ቆይተሃል፤ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ትራስ ደራርበህ በክንድህ ተደግፈህ ነው የምታንቀላፋው። ታስታውሳለህ፣ ያኔ ነው የሞከርኩት።

«ጋሼ፣ ውሃውን የዘጋሁት እኔ ነኝ» አልኩህ።

«ቱቦውን... ስትጠቀልል አይቼሃለሁ።»

«ታዲያ ለምን እሺ አልክ?»

እስክትመልስ ሁለት ሦስት ጊዜ ተነፈስክ። «እኔ እምቢ ብልህ... ከዚያ በኋላ ማን ይሰማህ ነበር?»

እንባዬ መጣ። የቀለለኝ መስሎኝ ነበር። አንተ ግን ቀና ብለህ «እሱን ተወው» አልከኝ። «የእኔ ማሽን ላይ... ማነው ያለው?»

ውሸት ልፈልግ ሞከርኩ፤ አጣሁ። «ሚዛን» አልኩህ።

ዓይንህን ጨፈንክ። ከዚያ ትራሱ ላይ ፊትህን ወደ ግድግዳው አዞርክ። እትዬ እስክትመለስ፣ ከዚያም እኔ ተነስቼ እስክሄድ አንዲት ቃል አልተናገርከኝም። በሕይወቴ ካንተ የተቀበልኩት ቅጣት ያ ብቻ ነው። ከአባታችን ቀበቶ ይበልጥ አመመኝ።

በሚቀጥለው ጊዜ ስመጣ «የልጄ ትምህርት ቤት ክፍያ ተከፈለ?» ብቻ ብለህ ጠየቅኸኝ፤ ስለሌላው አላነሳህም። እኔም አላነሳሁም። ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ እትዬ ፎጣ ልታመጣ ወጣ ብላ ስትመለስ አልቆልህ ነበር። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ስልኩ ሲደወል ለደንበኛ ልኬት እያነበብኩ ነበርና «ቆይ ልጨርስ» ብዬ ዘጋሁት። ይህን ለመርማሪው አልነገርኩትም፤ አልጠየቀኝም።

በአራተኛው ቀን ሚዛን ሊያጽናናን መጣ። ወንበር ሰጠሁት። «ወንድምህ እኮ» አለና ቆመ። አየር ሳበ። «ወንድምህ እኮ... ለእኔ...» እንደገና ሳበ። ሦስት ቃል ለማውጣት ሁለት ትንፋሽ ወሰደበት። ያንን አተነፋፈስ አውቀዋለሁ። አሥራ አራት ወር ሰምቼዋለሁ። እትዬም ሰማችው፤ ስኒ የያዘው እጇ አየር ላይ ቀረ።

«አሞሃል?» አልኩት።

«ጉንፋን ነው» አለ። «ሰሞኑን አልለቀኝ አለ።»

በማግስቱ ጠዋት ሥራ ሲጀመር ገብቼ የመብራቱን ዋና ማጥፊያ ዝቅ አደረግሁት። ሁሉም መነጽራቸውን እያነሱ ተሰበሰቡ። ነገርኳቸው። አቧራው ሳንባ ውስጥ ምን እንደሚሠራ፣ አንተ በምን እንደሞትክ፣ ሐኪሟ ምን እንዳዘዘችኝና መቼ እንዳዘዘችኝ። ሰሌዳ ጫኙ፣ ሁልጊዜ የሚስቀው ሰውዬ፣ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ፦

«አሥራ አራት ወር?»

«አዎ።»

እግሬ ሥር ተፋና ወጣ። ሚዛን ያንተ ማሽን ላይ ተደግፎ መዳፉን ያይ ነበር።

ባለቤቱ ከሰዓት በኋላ በር ዘግቶ አነጋገረኝ። «ወንድምህ ያጨስ ነበር አይደል?»

«አያጨስም ነበር።»

«ያጨስ ነበር ብትል ማን ይጎዳል? እሱ እንደሆነ የለም።» ወረቀት አዘጋጅቶ ነበር፤ የሚቀረው የእኔ ፊርማ ብቻ ነው። እስከዚያ ቀን ለዚያ ሰው እምቢ ብዬ አላውቅም። እምቢ ማለት እንዲህ አጭር ነገር እንደሆነ አላውቅም ነበር። አንድ ቃል ነው። ያኔ ሰኞ ጠዋት ብናገረው ኖሮ የሚወስድብኝ የሁለት ሴኮንድ ድፍረት ነበር።

ሐኪሟ ስታየኝ «ስጠብቅህ ነበር» አለችኝ። አሥራ አንዱም፣ እኔም ራጅ ተነሳን። ሰባቱ ላይ ጥላ ተገኘ። የሚዛን የከፋው ነው። የእኔ ሳንባ ንጹህ ነው፣ ጋሼ። የመስታወት ክፍሌ በር በደንብ ይገጥም ነበር። ውጤቴን ስትነግረኝ ደስ ያለኝ ለአንዲት ቅጽበት ነው፤ ለዚያች ቅጽበት እስካሁን አፍራለሁ።

ውጤቱ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ደርሶ ድንጋይ ቤቱ ታሸገ፤ መዝገብም ተከፈተ። ጤነኞቹ ሥራ ፍለጋ ተበተኑ፤ የታመሙት ቤት ዋሉ። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ግማሾቹ ያመሰግኑኛል ብዬ ጠብቄ ነበር መሰለኝ፤ ሞኝ ነኝ። «ሳንባችንን አሳየኸን፣ ጉርሻችንን ነጠቅኸን» አለኝ አንደኛው። ሁለቱም እውነት ነው።

እትዬን ከሰው ከመስማቷ በፊት እኔ ልንገራት ብዬ ሄድኩ። ልብሶችህን እያጣጠፈች ነበር። ሁሉንም ተናገርኩ፤ ቧንቧውን፣ ሐኪም ቤት የዋሸኸውን፣ ሚዛንን። ማጠፏን አላቆመችም። ስጨርስ «ለምን ዘጋኸው?» ትለኛለች ብዬ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን «መቼ ነው ያወቅከው?» አለችኝ።

«ውጤቱ የመጣ ቀን።»

«ከዚያ በኋላ ነው ትራሱን ስታስተካክልለት የነበረው?»

«አዎ።»

«እኔ እኮ፣ ወንድም ይሉሃል እንዲህ ነው እያልኩ ለሰው አወራ ነበር።» ድምጿ ከፍ አላለም። «ውጣልኝ።»

ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ደጃችሁን አልረገጥኩም። ልጅህ አድጋለች፤ ቁመቷ እትዬን ደርሷል። ከሩቅ ነው ያየኋት። እሷም አየችኝና ወደ ማዶ ተሻገረች።

ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ ሚዛን ቀጠሮ ነበረው። ይዤው የምሄደው እኔ ነኝ። መጀመሪያ እምቢ ብሎኝ ነበር፤ ኋላ ሌላ ሰው ሲያጣ ተወው። ተራችንን ስንጠብቅ ድንገት ጠየቀኝ።

«ወንድምህ መጨረሻ ላይ ያመው ነበር?»

አይ ልለው ነበር። «አዎ» አልኩት። «ከሕመሙ ይልቅ የአየሩ ማጣት ነው የሚያስፈራው። ማስታገሻ ይሰጣሉ፤ ትንሽ ይረዳል።»

ራሱን ነቀነቀ። ቆይቶ «ሳላውቅ ብሠራ ይሻለኝ ነበር» አለ። «እውነቴን ነው። አንድ ዓመትም ቢሆን እንደ ሰው እሠራ ነበር።»

የቀጠሮ ካርዱን ከጉልበቱ ላይ አንስቼ ያዝኩለት።

«የእህቴ ባል» አለ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ «እኔ ስታመም... በእኔ ቦታ ሊገባ... ተነጋግረን ጨርሰን ነበር። ያንተን ማሽን... የወንድምህን ማሽን... ላስተምረው ነበር።» ስሙ ተጠራ። ሊነሳ ሲል ክርኑን ያዝኩት፤ እጄን አላራገፈውም። «አሁን አልገባም» አለኝ። «እሱ አልገባም።»

ችሎቱ የሚመጣው ወር ነው። ባለቤቱ ጠበቃ ይዟል፤ እኔ አልያዝኩም። የተጠየቅሁትን እመልሳለሁ፤ የሚፈረድብኝንም እቀበላለሁ። እስከዚያ ድረስ፣ ከዚያም በኋላ ደጅ ካለሁ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ የሚዛን ነኝ።

ይቅር በለኝ ብዬ አልጽፍልህም። አውቅሃለሁ፣ ቶሎ እሺ ትላለህ።

ታናሽህ